ኺታን ኢባዳችን ነው፤ የጤና ዘመቻ ሲሆንስ?



ባለፈው ጁሙዓ ፒያሳ በኒ ኑር መስጂድ ሰግደን፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን፣ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ግቢ እየተመለስን ነበር። ከመካከላችን የጤና ተማሪ የሆነ ወንድማችን በሳምንቱ ክፍል ውስጥ የተማረውን አነሳ። የወንድ ልጅ ግርዛት የኤች.አይ.ቪ.ን መተላለፍ እንደሚቀንስ በጥናት መረጋገጡን፣ በአፍሪካም ለዚሁ ተብሎ ብዙ ወንዶች እየተገረዙ መሆኑን ነገረን። ሌላው ወንድማችን ደስ ብሎት፣ "አልሐምዱሊላህ! እኛ ከ1400 ዓመት በፊት የያዝነውን ሳይንሱ ገና አሁን ደረሰበት" አለ። ሁላችንም ፈገግ አልን።

አብሮን የነበረ አንድ የዶርም ጓደኛችን ግን ፈገግ አላለም። ከጋምቤላ የመጣ ነው፤ ሙስሊም አይደለም። ፒያሳ ጉዳይ ነበረውና መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው። ጥቂት ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ እንዲህ አለን፦ "እኔ የተገረዝኩት ወደዚህ ልመጣ ስል ነው። የሰፈሬ ልጆች 'ተገረዝ፣ በሽታው አይዝህም' ይሉኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔን ያስገረዘኝ በሽታው አይደለም፤ ሻወር ቤት ውስጥ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው። ለእናንተ ሃይማኖት ነው። ለእኔ ግን ምንድን ነው?"

ያን ቀን በቂ መልስ አልሰጠነውም። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። የጤና ተማሪዎቻችንን ጠየቅን፣ ከኡስታዞቻችን ጋር ተወያየን፣ ያገኘነውን አነበብን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተገኘ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥናቶቹ ያሉት ምንድን ነው?

በአፍሪካ ወንዶች በሚገረዙባቸው አካባቢዎች ኤች.አይ.ቪ. ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ተመራማሪዎች ማስተዋል የጀመሩት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው። ነገር ግን የሚገረዙና የማይገረዙ ማኅበረሰቦች በብዙ ነገር ይለያያሉ። ሃይማኖታቸው፣ የጋብቻ ሥርዓታቸው፣ መጠጥ መጠጣት አለመጠጣታቸው ሁሉ ልዩነት ያመጣል። ልዩነቱን ያመጣው ግርዛቱ ራሱ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ዓይነት ጥናት ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ትላልቅ ጥናቶች ተካሄዱ። የመጀመሪያው በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም በተባለ ስፍራ ሲሆን ውጤቱ በ2005 ወጣ። ሁለቱ ደግሞ በኬንያ ኪሱሙ እና በኡጋንዳ ራካይ የተካሄዱ ናቸው፤ ውጤታቸው የታተመው በ2007 ነው። ያልተገረዙ ፈቃደኛ ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው ተገረዙ፤ ግማሾቹ ክትትሉ እስኪያበቃ እንዲቆዩ ተደረገ። ሁለቱም ወገኖች ምክርና ኮንዶም ይሰጣቸው ነበር።

የኪሱሙን ቁጥር እንመልከት። ወዲያው እንዲገረዙ ዕጣ ከደረሳቸው 1391 ወጣቶች መካከል በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ 22ቱ በቫይረሱ ተያዙ። እንዲቆዩ ከተደረጉት 1393 ወጣቶች መካከል ደግሞ 47ቱ ተያዙ። በራካይ 22 ለ45፣ በኦሬንጅ ፋርም 20 ለ49 ነበር። ሦስት አገር፣ ሦስት ቡድን፣ ተቀራራቢ ውጤት። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቶቹ ከታቀደላቸው ጊዜ በፊት ቆሙ፤ ያልተገረዙትም መገረዝ ከፈለጉ ዕድሉ ተሰጣቸው።

ምክንያቱም ይታወቃል። የሸለፈቱ የውስጥ ክፍል ስስ ነው፤ ቫይረሱ የሚፈልጋቸው የመከላከያ ሕዋሳትም በብዛት ይገኙበታል። ያ ክፍል ሲወገድ ቫይረሱ የሚገባበት በር ይጠባል። ይጠባል እንጂ አይዘጋም።

በመጋቢት 2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስ ኤች.አይ.ቪ. በተስፋፋባቸውና ግርዛት ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የወንዶች ግርዛት ከሌሎች መከላከያዎች ጋር ተደምሮ እንዲሰጥ መከሩ። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቅድሚያ የሚሰጣቸው 14 አገሮች ተለዩ፤ በኋላ ደቡብ ሱዳን ተጨምራ 15 ሆኑ። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። በኢትዮጵያ ግን ሥራው ያተኮረው በአንድ ክልል ላይ ነው፤ በጋምቤላ።

"60 በመቶ" ሲባል

በፖስተርና በወሬ የምንሰማው ቁጥር "60 በመቶ ይከላከላል" የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ከመቶ ጊዜ ስድሳውን አይዘኝም" ወይም "ከመቶ የተገረዙ ሰዎች ስድሳዎቹ ፈጽሞ አይያዙም" ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ እንዲያ አይደለም። በኪሱሙ ቁጥር ብንሄድ፣ ካልተገረዙ መቶ ወጣቶች በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ገደማ ተያዙ፤ ከተገረዙ መቶ ወጣቶች ደግሞ ሁለት ገደማ። ለአንድ አገር ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ለአንድ ሰው ግን ጋሻ አይደለም። ከእነዚያ 22 የኪሱሙ ወጣቶች አንዱ ለሆነው ልጅ ግርዛቱ አላዳነውም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የምንኖርባት ከተማ በቂ ናት። በአዲስ አበባ ያልተገረዘ ወንድ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ይገርዛል። ሆኖም በ2011 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የአገሪቱ የኤች.አይ.ቪ. ስርጭት 1.5 በመቶ ሲሆን የአዲስ አበባ 5.2 በመቶ ነበር። በ2016ቱ ዳሰሳም አገሪቱ 0.9፣ አዲስ አበባ 3.4 በመቶ ነበሩ። ግርዛት ብቻውን ቢያድን ኖሮ አዲስ አበባ ከአገሪቱ በላይ ባልታመመች ነበር። ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ በበሽታው ወላጆቹን ያጣ ቤተሰብ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጥናቶቹ ያሳዩት ቫይረሱ ከሴት ወደ ወንድ የሚተላለፍበት ዕድል መቀነሱን ነው። ከወንድ ወደ ሴት ያለውስ? በራካይ ቫይረሱ በደማቸው ባለ ወንዶች ላይ ሌላ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2009 ወጣ። የተገረዙት ወንዶች ሚስቶችና አጋሮች ከሌሎቹ የተሻለ አልተጠበቁም። እንዲያውም ከተገረዙት አጋሮች 18 በመቶ፣ ካልተገረዙት አጋሮች 12 በመቶ ተያዙ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ቢሆንም፣ ጥናቱ ጥቅም እንደማያሳይ ስለታወቀ ቀድሞ ቆመ። ቁስሉ ሳይድን የሚደረግ ግንኙነት ደግሞ ለሴቷ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ነው ስድስት ሳምንት መታቀብ የሚመከረው። "ተገርዣለሁና ችግር የለም" የሚል ወንድ የሚያታልለው ራሱን ብቻ አይደለም።

ለምን ጋምቤላ?

በ2005ቱ ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከመቶ ወንዶች 93ቱ የተገረዙ ነበሩ። በጋምቤላ ግን የተገረዙት ከግማሽ በታች ነበሩ። በዚያው ዳሰሳ የኤች.አይ.ቪ. ስርጭት በአገር ደረጃ 1.4 በመቶ ሲሆን በጋምቤላ 6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከ2009 ጀምሮ በክልሉ በውጭ እርዳታ የሚደገፍ የወንዶች ግርዛት አገልግሎት በነፃ መሰጠት የጀመረው ለዚህ ነው። በቁጥር ደረጃ ውሳኔው ትክክል ነው ብለን እናምናለን። በሽታው ባለበት፣ መከላከያው በሌለበት ቦታ መሥራት ፍትሕ ነው።

ነገር ግን ጋምቤላ ባዶ ቦታ አይደለችም። ኑዌርና አኙዋክ የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። በኑዌር ልማድ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱ የሚታወቀው በግንባሩ ላይ በሚወጡ ስድስት መስመሮች ነበር። ለእነርሱ ሸለፈትን መቁረጥ የሌሎች ሕዝቦች ምልክት ነው፤ በተለይ ከደጋ የመጣው ሰው ምልክት።

ይህን ስናነብ አንድ የአገራችን ታሪክ ትዝ አለን። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን መልስ እንዲሆን በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግርዛትን የአገር ልማድ ነው ብለው ሲያስረዱ፣ በኢትዮጵያና በኑብያ ፊትን ከመብጣት ልማድ ጋር አመሳስለውታል። ዛሬ የደጋው ሰው የራሱን ምልክት "ንጽሕና"፣ የኑዌሩን ምልክት "ኋላ ቀርነት" ሲለው ስንሰማ፣ ያኔ ንጉሡ ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጣቸውን ማስታወስ ይጠቅማል።

በአማርኛ "ቆላፍ" የሚለው ቃል ስድብ ነው። የተገረዘ በሚበዛበት አገር ያልተገረዘው ወንድ በሻወር ቤት፣ በጦር ካምፕ፣ በዶርም ይሳቅበታል። የጤና ዘመቻ እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ሲገባ በንፁህ መሬት ላይ አይዘራም፤ ቀድሞ በነበረ ንቀት ላይ ነው የሚዘራው። ጓደኛችን የነገረን ይህንን ነው። ፎርሙ ላይ "በፈቃዴ" ብሎ ፈርሟል፤ በልቡ ግን ያስፈረመው ሐፍረት ነው።

መልካም ነገርን በመልካም መንገድ

አንድ ነገር ጠቃሚ መሆኑ እና እርሱን ለሰዎች የምናደርስበት መንገድ ትክክል መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሶደቃ መልካም ነው፤ ሰጪው የሚያመጻድቅ ከሆነ ግን ይበላሻል። ግርዛትን እንደ ጤና ዘመቻ ማስፋፋትም እንዲሁ ነው። ስንወያይ አራት ጥያቄዎች ደጋግመው መጡብን።

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሰውየው ከመወሰኑ በፊት ግርዛት ዕድሉን እንደሚቀንስ እንጂ እንደማያስቀር፣ ሚስቱን በቀጥታ እንደማይጠብቅ፣ እስኪድን መታቀብ እንዳለበት በራሱ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። "በሽታው አይዝህም" የሚል ወሬ ብዙ ሰው ቢያስገርዝም ውሸት ነው፤ በውሸት የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው ነፃነት ነው። በ2014 የታተመ የኬንያ ጥናት ለምሳሌ ይጠቅማል። በኒያንዛ ከ1500 በላይ ያልተገረዙ ወንዶች ለተለያዩ ቡድኖች ተከፍለው፣ ለተገረዘ ሰው የተለያየ ዋጋ ያለው የምግብ ኩፖን እንደሚሰጥ ተነገራቸው። በሁለት ወር ውስጥ ከፍተኛው ኩፖን፣ 15 ዶላር ገደማ የሚያወጣው፣ ከቀረበላቸው 9 በመቶዎቹ ተገረዙ፤ ኩፖን ካልቀረበላቸው 1.6 በመቶ ብቻ። አጥኚዎቹ ኩፖኑን የተመለከቱት ለጠፋ የሥራ ቀን ማካካሻ እንዲሆን ነው፤ ይህ ምክንያታዊ ነው። የቀን ሠራተኛ ለቀናት ሥራ ሲፈታ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ነገር ግን ለልጆቹ እራት የሌለው ሰው አካሉን በምግብ ኩፖን ሲወስን መስመሩ የት ላይ እንደሆነ ማሰብ አለብን። ለትራንስፖርትና ለጠፋ ቀን መካካስ አንድ ነገር ነው፤ ችግርን ተጠቅሞ ሰውን መግዛት ሌላ ነው። "በዚህ ወር ይህን ያህል ሰው አስገርዙ" የሚል ኮታ የያዘ ባለሙያም ያው ፈተና ይገጥመዋል። ኮታ ያለበት ሰው "አልፈልግም" የሚለውን ለመስማት ጆሮው ይከብዳል።

ሦስተኛው ዕድሜና ደኅንነት ነው። ዘመቻው በብዙ አገሮች ሲስፋፋ ለመምጣት የሚቀለው ሚስትና ሥራ ያለው ጎልማሳ ሳይሆን የትምህርት ቤት ልጅ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ምክሩን ያስቀመጠው ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው። አንዱ ምክንያት በትንንሽ ልጆች ላይ የደረሱ ጉዳቶች ናቸው፤ ሌላው ደግሞ የልጁ ራሱ የመወሰን አቅም ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ "እናንተስ? ልጆቻችሁን ሳትጠይቁ አይደል የምትገርዙት?" ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሌላው ዓለምም ተነስቷል። በ2012 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ አንድ ፍርድ ቤት፣ ወላጆቹ ሙስሊም የሆኑ የአራት ዓመት ልጅ መገረዙን የአካል ጉዳት ማድረስ ነው ሲል ፈረደ። ሐኪሙን ግን በነፃ አሰናበተው። ሙስሊሞችና አይሁዶች በአንድነት ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የጀርመን ፓርላማ ወላጆች በሕክምና ደንብ ልጃቸውን ማስገረዝ እንደሚችሉ የሚደነግግ ሕግ አወጣ። ሕጉ ያረፈው "ግርዛት ኤች.አይ.ቪ. ይከላከላል" በሚል ላይ ሳይሆን በወላጅ ሥልጣን ላይ ነው።

የእኛም መልስ ከዚህ ይነሳል። ወላጅ ለልጁ ወሊይ ነው፤ ስም ያወጣለታል፣ ዲን ያስተምረዋል፣ ሲሳሳት አላህ ዘንድ ይጠየቅበታል። የእርዳታ ድርጅት ወይም የመንግሥት ቢሮ ይህ ወላይነት የለውም። ወላጅም ቢሆን ያልተገደበ ሥልጣን የለውም፤ ልጁን ለዛገ ምላጭ አሳልፎ የመስጠት መብት ማንም አልሰጠውም።

አራተኛው ክብር ነው። "ያልተገረዘ ቆሻሻ ነው" በሚል መልእክት አንድን ሕዝብ ማስገረዝ ይቻል ይሆናል፤ ግን ከቆዳው ጋር አብሮ ክብሩን መቁረጥ ነው።

ኺታን ለእኛ ምንድን ነው?

ኺታን በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ታዋቂ ሐዲስ ከፊጥራ ነገሮች ጋር ተቆጥሯል። የአባታችን ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሱናም ነው፤ እርሳቸው በ80 ዓመታቸው እንደተገረዙ በሐዲስ ተዘግቧል። በሻፊዒያ መዝሀብና በሐንበሊያ ዘንድ በታወቀው አቋም ለወንድ ዋጂብ ነው፤ በሐነፊያና በማሊኪያ ዘንድ ደግሞ ሱና ነው። የሁሉም መነሻ ግን የአላህ ትእዛዝና የነቢያት መንገድ ነው እንጂ የበሽታ ስታቲስቲክስ አይደለም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። ያ ወንድማችን "ሳይንሱ ደረሰበት" ሲል ደስታው ይገባናል። ኢባዳን በጥናት ላይ ማቆም ግን አደጋ አለው። የጤና ምክር ሁኔታ ሲለወጥ ይለወጣል። በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ መርፌ በወሰዱ ከ2000 በላይ ወጣት ሴቶች ላይ በክትትሉ ጊዜ አንድም አዲስ የኤች.አይ.ቪ. መያዝ አልታየም። ነገ እንዲህ ያለው መድኃኒት ለሁሉም ቢዳረስ የግርዛት ዘመቻ አስፈላጊነት ሊቀንስ ይችላል። ያኔ ኺታን ይቀራል? አይቀርም፤ ምክንያቱም ሲጀመር በዚያ ላይ አልቆመም። የምንጾመው ለስኳር በሽታ ይጠቅማል ተብሎ እንዳልሆነ ሁሉ።

ኺታንን በሌላው ላይ ስለመጫንስ? እዚህ ላይ ከታሪካችን ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሂጅራ 100 ገደማ፣ በኸሊፋው ዑመር ቢን ዐብዱልዐዚዝ ዘመን፣ በኹራሳን ብዙ ሰዎች ወደ እስልምና ገቡ። "የሚሰልሙት ጂዝያ ለመሸሽ ነው፤ በኺታን ይፈተኑ" የሚል ሐሳብ ለገዥው ለጀራሕ ቀረበለት። ኸሊፋው ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ጠበሪ በታሪኩ እንደዘገበው የመልሳቸው ይዘት፣ አላህ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) የላካቸው ወደ እርሱ ጠሪ አድርጎ እንጂ ገራዥ አድርጎ አይደለም የሚል ነበር። ሐሰን አል-በስሪም ሰዎች ጥቁሩም ነጩም በነቢዩ ዘመን ሲሰልሙ ማንም ገላቸውን እንዳልመረመረ ተናግረዋል ተብሎ ተዘግቧል። ኺታንን ዋጂብ ያሉት ዑለማዎችም ቢሆኑ አዋቂ ሆኖ የሰለመ ሰው ለሕይወቱ የሚፈራ ከሆነ ግዴታው እንደሚነሳለት ጽፈዋል።

እንግዲህ ኸሊፋ፣ መንግሥትም ሠራዊትም በእጁ እያለ፣ ሙስሊም የሆነን ሰው እንኳ በኺታን መፈተንን ከከለከለ፣ ሙስሊም ያልሆነን የዶርም ጓደኛ በሳቅ መፈተን ለእኛ ከየት ተፈቀደልን?

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

የአማርኛችን ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። "ግርዛት" የሚለው ቃል ለወንዱም ለሴቷም ያገለግላል። በአንድ ግድግዳ ላይ "ግርዛት ይቁም"፣ በሌላው ላይ "ግርዛት ከኤች.አይ.ቪ. ይከላከላል" የሚል ቢለጠፍ፣ የገጠር እናት የትኛውን ትያዝ? የወንዱ ጥናት ለሴቷ ግርዛት ምስክር ሆኖ ሲጠቀስ እኛ ራሳችን ሰምተናል።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ሦስቱም ጥናቶች የተካሄዱት በወንዶች ላይ ብቻ ነው። የሴት ልጅ ግርዛት አንድም የታወቀ የጤና ጥቅም የለውም፤ ደም መፍሰስን፣ ኢንፌክሽንን፣ የወሊድ ችግርንና ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመምን ያመጣል። በ2016ቱ ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ መስፋትን ይቀጣል።

በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ በሴት ኺታን ላይ የተለያዩ አቋሞች መኖራቸውን አንደብቅም። ሆኖም በአፋርና በሶማሌ የሚታየውን መስፋት ከአራቱ መዝሀቦች አንዱም አላዘዘም። በ2006 በካይሮ አል-አዝሀር በተካሄደ ጉባኤ የተሰበሰቡ ዑለማዎች በሴቶች ላይ የሚደርሰው ይህ ጉዳት እንዲቆም ጠርተዋል። መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ የለም የሚለው የሸሪዓ መርሕ ለሴት ልጆቻችን ካልሠራ ለማን ሊሠራ ነው? የጤና ተማሪዎቻችን ስለዚህ ሲያስተምሩ "የወንድ ግርዛት" ወይም "የሴት ልጅ ግርዛት" ብለው ሙሉውን እንዲናገሩ እንለምናለን። አንዲት ቃል መጨመር አንዲትን ልጅ ልታድን ትችላለች።

እኛስ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ሥራ ከራሳችን ቤት ነው። በየገጠሩ ብዙ የሙስሊም ልጆች ዛሬም ሐኪም በሌለበት፣ በማይጸዳ ምላጭ ይገረዛሉ። ለክረምት እረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ታናናሾቻችን ጤና ጣቢያ እንዲገረዙ ቤተሰቦቻችንን እንምከር። በቤተሰቡ ደም አልቆም የማለት ችግር ካለ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር። ኢባዳን በጥንቃቄ መፈጸም የኢባዳው አካል ነው።

ሁለተኛው፣ የእኛ ቀዳሚ መከላከያ ከዚና መራቅ መሆኑን አንርሳ፤ "ተገርዘናል" ብለን አንዘናጋ። የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ይመርመር። ቫይረሱ በደሙ ያለ ወንድም ወይም እህት በጀመዓችን መካከል እንዳለ አስበን እንናገር። በሽታ የኃጢአት ማኅተም አይደለም። ሲወለድ ይዞት የመጣ አለ፤ ከትዳር ጓደኛው የተያዘም አለ።

ሦስተኛው፣ በጤና ሙያ የምትመረቁ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ ካለ ነገ ጋምቤላም፣ ሌላም ቦታ ትመደባላችሁ። የሚመጣውን ሰው እውነቱን ሙሉ ንገሩት። "አስቤበት ልምጣ" ሲል ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ሳይገረዝ ቢመለስም ምርመራውን፣ ምክሩንና መድኃኒቱን በእኩል ክብር ይግኝ። ለሕዝብ ጤና መሥራት ነፍስን ከመጠበቅ ዓላማ የሚቆጠር ታላቅ ሥራ ነው፤ ዳዕዋ ግን ሌላ በር አለው። ሁለቱን ስንቀላቅል ሁለቱንም እናበላሻለን።

አራተኛው በዶርማችን ነው። "ቆላፍ" የሚለው ስድብ ከአፋችን ይውጣ። ሌላው ሲስቅ አብረን አንሳቅ።

ለጓደኛችንም ዘግይቶ ቢሆን የምንመልሰው ይህንን ነው። ለእኛ ኺታን ኢባዳ ነው። ለአንተ የሕክምና ምርጫ ነው፤ ጥቅሙም እውነት ነው፣ ገደቡም እውነት ነው። መገረዝህ ጎድቶሃል አንልህም። መወሰን የነበረብህ ግን እውነቱን ሙሉ ሰምተህ፣ ማንም ሳይስቅብህ ነበር። ከሳቁት መካከል ከእኛም ሰው ካለ አውፍ በለን።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ ያወቅነውን በመልካም ሥነ ምግባር የምናደርስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።